«አባዬ፣ አዲስ አበባ ነህ እንዴ?»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ44 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን በሽማግሌነት ሳገለግል ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የፋይናንስ ኮሚቴ አባልም ነኝ፤ ሐሙስ ማታ እኛ ቤት የሚሰበሰበውን የቤት ኅብረት እመራለሁ።

ዕዳ ውስጥ ገብቻለሁ። መጀመሪያ እናቴ ታመመችና ለሕክምናዋ ከሰፈራችን ባለ ሱቅ ከሐጂ 70,000 ብር ተበደርኩ። ያለ ወለድ ነው የሰጡኝ። በስድስት ወር እመልሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው 14 ወር ሆነ፣ እስካሁን አንድ ብር አልመለስኩም። ከዚያ የታናሽ እህቴ ሠርግ መጣ። እቁቤን ቀድሜ አውጥቼ ለሠርጉ አዋልኩት፤ ገና ዘጠኝ ወር፣ በወር 3,000 እጥላለሁ። እሱም አላዳረሰም። ለባለቤቴ ሳልነግር ከአንድ አራጣ አበዳሪ 30,000 ብር በወር አሥር በመቶ ወሰድኩ። ሰባት ወር ሙሉ ሦስት ሦስት ሺህ ከፍያለሁ፤ ዋናው ብር ግን አልተነካም። ያስፈረመኝ ወረቀት ደግሞ 50,000 ነው የሚለው። በስልክ የምወስዳት 8,000 ብርም አለች፤ በየወሩ እከፍልና ያንኑ ቀን መልሼ እወስዳታለሁ፣ 700 ብር ያህል ይቆረጥብኛል። ሞተር ብስክሌት የገዛሁበት የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ከደመወዜ ላይ እየተቆረጠ ስለሆነ እሱ ብዙም አያሳስበኝም። ሞተሩ ዛሬ ቢሸጥ 55,000 ያወጣል፤ ግን ምእመናንን የምጎበኝበት ነው።

የእኔና የባለቤቴ ደመወዝ ተቆራርጦ እጃችን የሚገባው 27,500 ብር ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብና ለልጆች ትምህርት 16,000 ይሄዳል። አሥራት 2,750 እናወጣለን። ለሕንፃ ማሠሪያ ቃል የገባሁትን በወር 2,000 እከፍላለሁ፤ ስሜ ከዝርዝሩ አናት ላይ ስላለ ማቆሙን አፍራለሁ።

ብዕር ያስነሣኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሐጂ ደወሉ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ «አዲስ አበባ ነኝ፣ ስመለስ እመጣለሁ» አልኳቸው። ስልኩን እንደዘጋሁ የ13 ዓመቱ ልጄ ከደብተሩ ቀና ብሎ «አባዬ፣ አዲስ አበባ ነህ እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለሚጋቡ ወጣቶች ስለ ገንዘብ አያያዝ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። አንድ የኅብረታችን ወንድም ችግሬን ጠርጥሮ ሁሉንም የሚዘጋ 200,000 ብር ላበድርህ ብሎኛል። ልቀበል? ከሽምግልናው ልውረድ? ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ለልጄ ምን ልበለው?

መልስ

ወንድማችን፣ ልጅዎ ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። መጠየቁ ግን አሁንም እውነቱን ከእርስዎ አፍ እንደሚጠብቅ ይናገራል። የሚያስፈራው ልጅ መጠየቅ የተወ ቀን ነው። ስለዚህ ገና ጊዜ አለዎት።

በደብዳቤዎ ውስጥ መበደርዎና መደበቅዎ ተቀላቅለው አንድ ሸክም ሆነዋል፤ ለይተን እንያቸው። ለእናት ሕክምና መበደር አያሳፍርም። ዘዳግም 15 ለተቸገረ ወንድምህ እጅህን ክፈትለት፣ አበድረው ይላል፤ ጌታም በተራራው ስብከት «ከአንተም ይበደር ዘንድ ከሚወደው ፈቀቅ አትበል» ብሏል። ማበደር ትእዛዝ ሆኖ መበደር ኃጢአት ሊሆን አይችልም። እርስዎም ሳያስተምሩበት አይቀሩም፣ በሮሜ 13፥8 «ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ» የሚለው ቃል የሚመጣው ለእያንዳንዱ የሚገባውን አስረክቡ ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ ነው። የሚናገረው የሰውን ገንዘብ ይዞ ስለ መቅረት ነው። መዝሙር 37፥21ም የሚወቅሰው ተበድሮ የማይከፍለውን ነው።

ወጪዎን ከደብዳቤው ላይ ደመርነው፤ 27,450 ብር መጣ። ከገቢዎ የሚተርፈው 50 ብር ነው። እስቲ ዝርዝሩን መልሰው ይዩት፤ ሐጂ በውስጡ የሉም። አራጣ አበዳሪው በወሩ ይከፈለዋል፣ የስልኩ ብድር ራሱ ይቆርጣል፣ እቁቡ ዳኛ አለው፣ ለሕንፃው ስም ተጽፏል። ለእናትዎ ሕክምና ምንም ሳይጨምሩ የሰጡት ሽማግሌ ግን ስለማይጮኹ በ14 ወር ውስጥ ምንም አልደረሳቸውም። ዕዳ ሲበዛ ክፍያ በፍርሃት ተራ መሄድ ይጀምራል፤ የሚያስፈራው ይቀድማል፣ የታገሠው ወደ ኋላ ይገፋል። እርስዎን የጎዳዎት እዚህ ላይ ነው፤ ተራውን መቀየርም ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድመው ግን ለባለቤትዎ ይንገሩ፤ ያውም በዚህ ሳምንት። ልጆች ከተኙ በኋላ ሁሉንም በእጅዎ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ለማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በወር ስንት፣ ምን ተፈርሞ። የአራጣውን ወረቀት 50,000 የሚለውንም ሳይቀር። ግማሹን ነግሮ ግማሹን ማስቀረት እንዲህ ያለውን ነገር ክፉኛ ያበላሻል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ዕዳ ብቅ ሲል የመጀመሪያው ኑዛዜም እንደ ውሸት ይቆጠራል። ባለቤትዎ ሊቆጡ፣ ሊያለቅሱ ይችላሉ። «ለእህቴ ብዬ ነው እኮ» እያሉ አይከራከሩ፤ ይስሟቸው። ወርቄን ልሽጥ ቢሉ እንኳ በዚያ ምሽት እሺ አይበሉ።

በዚያው ምሽት ሁለት ነገር አብራችሁ ብታዩ ደስ ይለናል። እናትዎ እንዴት ናቸው? መድኃኒቱ የሚቀጥል ከሆነ በ16,000ው ውስጥ ገብቷል ወይ? ካልገባ በሚቀጥለው ወር እንደገና ሊያስበድርዎት ነው። እህትዎስ ሠርጋቸው በስንት ዕዳ እንዳለፈ ያውቃሉ? ሳይወቅሷቸው ቢነግሯቸው፣ ከእቁቡ በወር 500 ወይም 1,000 ልቻል ሊሉ ይችላሉ። ታላቅ ወንድም ሁሉን ይችላል ብለው የሚያምኑት ማንም ስላልነገራቸው ይሆናል።

አሁን ወደ አራጣው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። እርስዎ የሚከፍሉት በዓመት 120 በመቶ ነው። በሕጉ ጣሪያ ቢታሰብ የ30,000 ብር የሰባት ወር ወለድ 2,100 ነበር፤ እርስዎ ከፍለው የጨረሱት 21,000 ነው። አደጋው ወረቀቱ ላይ ነው። ወለዱን ከዋናው ጋር ደብሎ ማስፈረም የቆየ ዘዴ ነው፤ በፍርድ ቤት ፊት የሚቆመው የተፈረመው ጽሑፍ ስለሆነ «የተቀበልኩት 30,000 ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ብሩ በባንክ ገብቶልዎት ከሆነ የዚያን ቀን ስቴትመንት ያውጡ፤ በየወሩ ያስተላለፉባቸውን ደረሰኞች፣ የተጻጻፋችሁትን መልእክት አንድ ላይ ያስቀምጡ። ተናደው አንዱንም አያጥፉ።

ከሰውየው ጋር ከመነጋገርዎ በፊት እነዚህን ይዘው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። የጠበቃ ገንዘብ ከሌለ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ። ቀጥሎ ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ የእድራችሁን ዳኛና አንድ ጎረቤት ይዘው ይሂዱ፤ ብቻዎን አይሂዱ። የሚያቀርቡት ነገር አጭር ይሁን፦ «ዋናውን 30,000 በአንድ ጊዜ እከፍላለሁ፤ ወለዱ እዚህ ላይ ይቁም፤ ወረቀቱ ይመለስልኝ»። እንደ ሕጉ ከዚያም ያነሰ መክፈል እንዳለብዎት ሊከራከሩ ይችሉ ነበር፤ መንገዱን የሕግ ባለሙያው ያሳይዎታል። ቶሎ መገላገልን ከመረጡ ግን 30,000ው ጥሩ ስምምነት ነው። የፈረሙበትን ዋናውን ወረቀት፣ ፎቶ ኮፒውን ሳይሆን፣ በእጅዎ ሳይጨብጡ ብሩን አያስረክቡ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ መከፈሉን የሚገልጽ ሌላ ወረቀት ይጻፍ፤ እሱም ምስክሮቹም ይፈርሙ። ቢያስፈራራዎት ለፖሊስ ማመልከት ክርስትናን መተው አይደለም።

30,000ው ከየት ይምጣ? ከሞተር ብስክሌቱ። እንደሚከብድዎት ይገባናል፤ ሽማግሌ በታክሲ ሲጋፋ ሰው ምን ይላል የሚል ሐሳብም ይኖራል። ምእመናንን በባጃጅም፣ በእግርም መጎብኘት ይቻላል። በመጀመሪያ ሊብሬው በቁጠባ ማኅበሩ ተይዞ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከተያዘ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ መሸጥ አይቻልም። ከሸጡ ስሙን በሚገባ ያዛውሩ፤ በውክልናና በእምነት ብቻ ከሰጡት ነገ አደጋ ቢደርስበት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ከ55,000ው 30,000 ለአራጣው፣ 8,000 ለስልኩ ብድር ይሁን። ስምንት ሺህ ብር ላይ በወር 700 ማለት በዓመት 8,400 ነው፤ የተበደሩትን ያህል ከፍለው ዕዳው እንዳለ ይቀመጣል። ከፍለው እንደጨረሱ አፑን ከስልክዎ ያጥፉት፤ በደመወዝ ማግሥት እጅ ያንን ቁልፍ መልመድ ይቀናዋል። የቀረው 17,000 የሐጂ ነው።

ሐጂ ዘንድ ለመሄድ ግን ሞተሩ እስኪሸጥ አይጠብቁ። ምሳሌ 6 በአፉ ቃል ለተጠመደ ሰው ሲመክር፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ፣ ሂድ፣ ራስህን አዋርደህ ለምን ይላል። ብር ሳይይዙም ቢሆን ይሂዱ። በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሱቁ ሳይሞላ ይሁን፤ አርብ ቀትር ላይ አይሁን፣ ለጁምዓ ይወጣሉ። እንዲህ ሊሏቸው ይችላሉ፦ «ሐጂ፣ ቅዳሜ ዕለት አዲስ አበባ ነኝ ያልኩዎት ውሸት ነው። ቤቴ ነበርኩ፤ አፍሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ሞተሬን ልሸጥ ነው፤ እንደተሸጠ 17,000 አመጣለሁ። ቀሪውን 53,000 በየወሩ ደመወዝ በወጣ በሦስተኛው ቀን 4,000 እያመጣሁ እጨርሳለሁ።» ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ እናትዎ፣ ስለ እህትዎ መተረክ ከጀመሩ ይቅርታው ወደ ሰበብ ይለወጣል። ቢያዝኑብዎት፣ ቢቆጡም መብታቸው ነው።

አራት ሺህ ያልነው ተቆጥሮ ነው። አራጣው፣ ስልኩና የሕንፃው መዋጮ ሲቆሙ በወር 5,700 ብር ይለቀቃል። ለትራንስፖርት 1,200 ይያዙ፣ 500 ደግሞ ልጅ ቢታመም ብለው ያስቀምጡ፤ ይህ ካልተቀመጠ የመጀመሪያዋ ትኩሳት ወደዚያው የስልክ ብድር ትመልስዎታለች። ቀሪው 4,000 ነው። በዘጠኝ ወር 36,000 ይሆናል፤ ያኔ እቁቡ ስለሚያልቅ ክፍያውን ወደ 7,000 ያሳድጉት። የመጨረሻው 3,000 በ12ኛው ወር ያልቃል። አንድ ዓመት ነው። በአምስት ወር እከፍላለሁ ብለው ደስ ሊያሰኟቸው ቢያምርዎት ይተዉት፤ ሁለተኛ ጊዜ የታጠፈ ቃል ከመጀመሪያው ይብሳል። አንድ ወር ባይሞላልዎት ከቀኑ በፊት ሄደው «በዚህ ወር 2,500 ነው የያዝኩት» ይበሏቸው። ደብተር ይግዙ፤ ቀን፣ የተከፈለ፣ የቀረ፣ የሁለታችሁ ፊርማ። ሐጂ ፊርማ ምን ያደርጋል ቢሉ እንኳ ይጠይቋቸው፤ ነገ አንዳችሁ ብታልፉ ልጆች እንዳይጣሉ ነው።

የሕንፃውን 2,000 ማቆሙ ሳይከብድዎት አይቀርም። ማቴዎስ 5፥23-24ን ከሐጂ ጋር አድርገው ያንብቡት፤ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ካሰብህ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድ ነው የሚለው። በማርቆስ 7 ጌታ የገሠጻቸውም ለወላጅ የሚገባውን ቁርባን (ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ) ነው እያሉ ያስቀሩትን ነው። ከሐጂ ኪስ የቀረ ገንዘብ ሲሚንቶ ሲሆን እግዚአብሔርን ደስ አያሰኘውም። ለመጋቢያችሁ «ቃሌን አልሰረዝኩም፣ ለአንድ ዓመት አቆይቼ እቀጥላለሁ» ይበሉ። አሥራቱን በስሌታችን አልነካነውም። አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አያስተምሩም፤ ከባለቤትዎና ከመጋቢዎ ጋር ተማክረው በሕሊናዎ ይወስኑ።

ስለ 200,000ው። ከቁጠባ ማኅበሩ በቀር ያለብዎት 135,000 ነው፤ የማኅበሩ ደግሞ በሥርዓቱ እየሄደ ነው። ላበድርህ ያሉት ወንድም የሚሰጡት በቅን ልብ ይሆናል፤ ግን አምስት ዕዳ አንድ ቢሆን ዕዳነቱ አይቀርም፣ ትንፋሽ ሲያገኙ ሌላ መበደርም ይመጣል። ከዚህ የባሰ ነገርም አለው። ነገ በእኚህ ወንድም ጉዳይ ሽማግሌዎች ቢቀመጡ እርስዎ ምን ሆነው ይቀመጣሉ? ምሳሌ 22፥7 ተበዳሪ የአበዳሪ ባሪያ ነው ማለቱ እንዲህ ላለው ነው። አመስግነው ይመልሱላቸው። ሞተሩ ቢዘገይና አራጣው ቢብስብዎት ብቻ 30,000ውን፣ በወረቀት፣ ባለቤትዎና መጋቢዎ እያወቁ፣ ሞተሩ ሲሸጥ የሚመለስ አድርገው ይውሰዱ።

ከሽምግልናው ውረዱ አንልም፤ ያን የሚወስኑት እርስዎ ብቻዎን አይደሉም። ለመጋቢውና ለአንድ የሚያምኑት ሽማግሌ የዕዳውን ዝርዝር አሳይተው እነሱ ይመዝኑት። ጢሞቴዎስ ላይ መሪ በውጭ ባሉ ሰዎች ዘንድ የተመሰከረለት ይሁን ሲባል፣ እርስዎን የሚመለከቱት የውጭ ሰው ሐጂ ናቸውና እውነት ሳይነገራቸው የሚደረግ ውሳኔ ባዶ ነው። ከፋይናንስ ኮሚቴው ግን አሁኑኑ ይውጡ። እርስዎን ሌባ አድርገን አይደለም። በወር 50 ብር የሚተርፈው፣ አራጣ የሚያሳድደው ሰው የመባ ሣጥን አጠገብ ሲቆም ለራሱም ፈተና ነው፣ አንድ ቀን ሒሳብ ቢጎድል የሚጠረጠረውም እሱ ነው። ለወጣቶቹ የሚሰጡትንም ትምህርት ለሌላ ሰው ያስተላልፉ። ለምን ቢሉዎት «ራሴ እያስተካከልኩት ያለ ጉዳይ ስለሆነ» ማለት ይበቃል። ለቤት ኅብረቱ ዝርዝር አያስፈልግም፤ የባለቤትዎም ገመና ነውና እሳቸው ካልፈቀዱ ቁጥር አይጥሩ።

ነህምያ 5ን በዚህ ሰሞን ቀስ ብለው ያንብቡት። ሕዝቡ እርሻውንና ቤቱን አስይዞ፣ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቶ ሲጮኽ ነህምያ ታላላቆቹን ይገሥጻል፤ ግን በዚያው አፍ እኔም፣ ወንድሞቼም፣ ብላቴኖቼም አበድረናል፣ ይህን ወለድ እንተው ይላል። ራሱን ከዝርዝሩ አላወጣም። ለአገረ ገዢ የሚገባውንም ቀለብ 12 ዓመት አልበላም። ሰዎቹ እንመልሳለን ያሉት ከዚህ ሰው አፍ ሰምተው ነው።

ልጅዎን ከሐጂ ዘንድ ሲመለሱ፣ በዚያው ቀን ያናግሩት። ሳይጠራ የሚመጣበት ቦታ ይሁን፤ ጫማ ሲጠርግ፣ አብራችሁ ዳቦ ስትገዙ። «ቅዳሜ የጠየቅከኝን አልመለስኩልህም። ዋሽቼ ነበር። የሐጂን ገንዘብ ስላልከፈልኩ ፈርቼ ነው። ዛሬ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ» ይበሉት። ስለ አራጣው፣ ስለ ወረቀቱ አይንገሩት፤ የ13 ዓመት ልጅ ማታ አልጋው ላይ ሊሸከመው አይገባም። «ቤታችንን ይወስዱብናል?» ብሎ ቢፈራ እንዴት እየተከፈለ እንደሆነ ደብተሩን ያሳዩት። ይቅርታ አድርግልኝ ማለትንም አይዝለሉ፤ ዋሽተው ያሰሙት እሱን ነው።

የመጀመሪያውን 4,000 ይዘው ሲሄዱ አብሮዎት ይመጣ እንደሆነ ይጠይቁት። እሺ ካለ ደብተሩን እሱ ይያዝ፤ ቀኑንና የቀረውን ብር በራሱ እጅ ይጻፍ፣ ሐጂ ሲፈርሙ አጠገብዎ ይቁም። እምቢ ካለ አይጫኑት፤ በሚቀጥለው ወር ደግመው ይጠይቁት።